ወርክ ስተዲው ከቢሉ ላይ ለምን አልተቀነሰም?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ ያነሡት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አባት ናቸው፤ የጻፉትም በጁላይ 2025 መጨረሻ፣ የልጃቸው የመጀመሪያ ሴሚስተር ሊከፈት አንድ ወር ያህል ሲቀረው ነው። እርሳቸው ሌሊት ታክሲ ይነዳሉ። ልጃቸው በዚያው ስቴት ውስጥ ወደሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። በፀደይ ወራት የደረሳት የእርዳታ ደብዳቤ 5,000 ዶላር ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል ስጦታ)፣ 3,000 የስቴት ድጋፍ፣ 4,000 ዩኒቨርሲቲው ከራሱ የሚሰጠው፣ 3,000 ወርክ ስተዲ እና 5,500 የፌዴራል ብድር፣ በድምሩ 20,500 ዶላር ይዘረዝራል። ትምህርቱ፣ ዶርሙና ምግቡ ለአንድ ሴሚስተር 12,750 ዶላር ስለሆነ፣ አባትየው የእርዳታውን ግማሽ ቀንሰው 2,500 ዶላር ብቻ እንደሚቀርባቸው አስልተው ነበር። የመጣው ቢል ግን 4,000 ነው። ልዩነቱ 1,500 ዶላር፣ ማለትም በትክክል የወርክ ስተዲው ግማሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተሳስቶ ይሆን፣ ብድሩንስ ልጅቷ ትቀበል ወይስ ትተወው፣ ከዚህ ሁሉ ደግሞ ነዳጅ ማደያ ገብታ ብትሠራ አይሻልም ወይ ሲሉ በትሕትና ጠየቁ።

የመጀመሪያው መልስ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ ለጥያቄው ግን በቂ ነው። ስሕተት የለም፤ ወርክ ስተዲ ከቢል ላይ የሚቀነስ ገንዘብ አይደለም። ተማሪዋ በግቢው ውስጥ ወይም ኮሌጁ በተዋዋለበት ቦታ ሥራ ፈልጋ ትቀጠራለች፣ በሠራችው ሰዓት ልክ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ደመወዟን ትቀበላለች፣ የምታደርግበትንም ራሷ ትወስናለች። ሥራ ካላገኘች 3,000 ዶላሩ በወረቀት ላይ ይቀራል።

የውይይቱን ክር ያደራጁት ግን ሁለተኛዋ መላሽ ናቸው። በአንድ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ለብዙ ዓመታት እንደሠሩ ገልጸው፣ ደብዳቤውን ከላይ ወደ ታች ደምሮ ማንበብ ብዙ ቤተሰቦችን እንደሚያሳስት ጻፉ። ከዝርዝሩ ውስጥ 12,000 ዶላሩ የማይመለስ ስጦታ ነው፤ 3,000ው ተሠርቶ የሚገኝ ነው፤ 5,500ው ዕዳ ነው። ሦስቱ በአንድ ዓምድ ሥር መጻፋቸው አንድ ዓይነት አያደርጋቸውም። ወርክ ስተዲ በ1964 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን ከወጣው የድህነት መዋጊያ ሕግ ጋር የመጣ መሆኑን ካስታወሱ በኋላ፣ ወላጆች እምብዛም የማያውቁትን አሠራር አስረዱ። የፌዴራሉ መንግሥት ከተማሪው ደመወዝ በአብዛኛው እስከ 75 በመቶ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱም ሆነ ላቦራቶሪው ወርክ ስተዲ ያለው ተማሪ ሲቀጥር ከራሱ በጀት የሚያወጣው ጥቂት ነው። ልጅቷ በማመልከቻዋ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይህን መብት እንዳላት ብትጽፍ ከሌሎች ትቀድማለች። ስሌቱንም አስቀመጡት፦ በሜሪላንድ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ስለሆነ 3,000 ዶላር 200 ሰዓት ሥራ ነው፤ በ30 የትምህርት ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት ሰባት ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን ምቹዎቹ ቦታዎች ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚያልቁ፣ ኦገስትን መጠበቅ ሳያስፈልግ ዛሬውኑ የሥራ ማስታወቂያውን መክፈት እንደሚገባ አሳሰቡ።

ድምፁ የተለወጠው በሦስተኛው መልስ ነው። አንድ አባት ልጃቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ወርክ ስተዲ ተጽፎለት አንድም ቀን ሥራ እንዳላገኘ፣ ኮሌጆች ይህን መስመር የሚጨምሩት ደብዳቤው ለጋስ መስሎ እንዲታይ ብቻ እንደሆነ በቁጣ ጻፉ፤ ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይህ ነው በማለትም ደመደሙ። ንዴታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔም ብሆን 3,000 ዶላር ተብሎ ከስጦታዎቹ ጋር መደመሩን አልወደውም። አራተኛው መላሽ የዚህን ግማሽ ተቀብሎ ግማሹን አረመ። የወርክ ስተዲ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስም የሚላክ ሳይሆን ለኮሌጁ የሚመደብ ነው፤ ምደባውም በከፊል ኮሌጁ ቀደም ባሉት ዓመታት ያገኝ በነበረው መጠን ላይ ስለሚመሠረት፣ ነባርና ሀብታም ተቋማት ድሆች ከሚበዙባቸው ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይልቅ የተሻለ ድርሻ ይወስዳሉ። ስለዚህ ሥራ የመገኘቱ ዕድል ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበትም ወርክ ስተዲ ከተጻፈላቸው ተማሪዎች ምን ያህሉ በእርግጥ እንደተቀጠሩ ነው። ይህ ጥያቄ በስልክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚቀርብ ቢሆንም፣ የሚያቀርበው ወላጅ እንዳላየ አከለበት።

ከሲያትል የጻፈ የኡበር ሾፌር በአምስተኛው መልስ ወደ ነዳጅ ማደያው ጉዳይ መለሰን። በሳምንት ሰባት ሰዓት የጨዋታ ሥራ መሆኑን፣ እርሱ ራሱ በተማሪነቱ የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ በሳምንት 35 ሰዓት እንደሠራ፣ የአበሻ ልጅ ሥራ መፍራት እንደሌለበት አስረግጦ ተናገረ። ብዙዎች አጨበጨቡለት። ስድስተኛዋ መላሽ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ከሁሉም የጠራው ጽሑፍ የእርሷ ይመስለኛል። ሾፌሩን ወንድሜ እያለች በአክብሮት ከጠራችው በኋላ ነገሩን በቁጥር አየችው። ከውጭ በሚሠራ ሥራ የሚገኝ ገቢ በፋፍሳ፣ ማለትም በፌዴራሉ የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ፣ ላይ የተማሪው ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፤ ከታክስና ከተፈቀደው የመነሻ መጠን በላይ ካለው ደግሞ ግማሹ ለትምህርት ሊከፍለው ይችላል ተብሎ ይያዛል፤ በዚህም የተነሣ የወደፊት ፔል ግራንት ሊቀንስ ይችላል። የወርክ ስተዲ ገቢ ግን ከዚህ ስሌት ይወጣል። በተጨማሪም በግቢው ውስጥ ለራሱ ለኮሌጁ የሚሠራ ተማሪ በአብዛኛው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቀናሽ፣ ማለትም 7.65 በመቶው፣ አይነካበትም። ቀጣሪውም የፈተና ሳምንት ምን እንደሆነ ያውቃል። በማደያ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ግን ፈተና የሚባል ነገር እንደሌለ ከራሷ እንደምታውቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሳ አለፈች።

ሾፌሩ በሰባተኛው መልስ ተመልሶ መጣና ልጆቹ ስንፍናቸውን በስሌት ይሸፍናሉ አለ፤ ቃሉ ሻካራ ነበር። የመለሱለት ተማሪዋ ሳትሆን አንዲት እናት ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ሌሊት መጋዘን ውስጥ እየሠራ ቀን ሲማር ሁለት ኮርሶች አቋረጠ፣ አንዱን ወደቀ፣ በዓመቱ መጨረሻም እርዳታው ሁሉ ቆመበት። ብዙ ኮሌጆች እርዳታውን ለመቀጠል ቢያንስ 2.0 አማካይ ውጤት እንዲኖር፣ ከተመዘገቡበት ክሬዲትም 67 በመቶ ያህሉ እንዲጠናቀቅ ይጠይቃሉ፤ ልጁ ይህን የሰማው ከቆመ በኋላ ነው። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ትምህርት ጥሎ የወጣ ተማሪ ደግሞ ከተሰጠው የፌዴራል ገንዘብ የተወሰነው እንደሚመለስበትና ኮሌጁ ለተማሪው ቢል ሊልክ እንደሚችል ጨመሩ። ሾፌሩ ከዚህ በኋላ በዚህ ነጥብ ላይ አልጻፈም።

በዚህ መካከል አንድ ሰው አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየሙ በፋፍሳ ላይ ይሞላ እንደሆነ ጠየቀና ክሩ ለረጅም ጊዜ ወደዚያ ነጎደ። ዘጠነኛው መላሽ ማን ያየዋል ብሎ መለሰ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም በሳቅ ምልክት ደገፉት። የቢሮዋ ሠራተኛ፣ ማለትም ሁለተኛዋ መላሽ፣ የጻፉት ዐሥረኛ መልስ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የከረረው ነው። ቅጹ የሚፈረመው በፌዴራል ሕግ ፊት እንደሆነ፣ ሆን ብሎ ሐሰት የሞላ ሰው እስከ 20,000 ዶላር ቅጣትና እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያገኘው እንደሚችል፣ ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ነውር እንደሆነ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ከዚያ ረጋ ብለው ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። ቤተሰቡ ራሱ የሚኖርበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም፤ ሌላው ቤት ግን፣ ሲያትልም ይሁን ሲኤምሲ፣ ዕዳው ተቀንሶ በገበያ ዋጋው ይሞላል። ስሌቱ ከወላጅ ንብረት በዓመት የሚወስደው ግን ቢበዛ 5.64 በመቶ ነው፤ 50,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት የቤተሰቡን መለኪያ ቁጥር፣ ማለትም ከፍ ሲል እርዳታው የሚቀንስበትን ስሌት፣ ቢበዛ በ2,820 ቢያሳድግ ነው።

ከዚህም በላይ፣ ብዙ ቤተሰቦች ስለ ንብረታቸው ጨርሶ አይጠየቁም። ከወላጆቹ አንዱ ወይም ተማሪው ባለፉት ሁለት ዓመታት የሕክምና ድጋፉን ሜዲኬይድን ወይም የምግብ ድጋፉን ስናፕን የመሰለ እርዳታ አግኝቶ ከሆነ፣ ወይም የወላጆቹ የተስተካከለ ገቢ ከ60,000 ዶላር በታች ሆኖ የታክስ ሪተርናቸው ቀላል ከሆነ፣ የንብረት ጥያቄው ይዘለላል። እዚህ ላይ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወላጆች እንዲጠነቀቁ መከሩ፤ እነርሱ የግል ሥራ ገቢ የሚገለጽበትን የታክስ ቅጽ፣ ሼጁል ሲን፣ ስለሚሞሉ የተጣራ ትርፋቸው ከ10,000 ዶላር ካለፈ በገቢ ማነስ ብቻ ከጥያቄው ነፃ አይሆኑም። ሰው ለእስር በሚያበቃ ውሸት ሊያመልጠው የሚያስበው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጨርሶ የማይቀርብለት መሆኑ አስገርሞኛል።

ዐሥራ አንደኛዋ ጠያቂ በየወሩ ለእናታቸው ወደ ደሴ የሚልኩት ገንዘብ ለምን እንደማይቆጠር አነሡ። ይህ በእኛ ማኅበረሰብ የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ ደመወዙ በወረቀት ላይ ሙሉ ይመስላል፣ በእጅ ግን ሙሉ አይደለም። የተሰጠው መልስ ደስ አያሰኝም፤ የቤተሰብ ብዛት ሲሞላ የሚገቡት በቤቱ የሚኖሩና ከግማሽ በላይ ወጪያቸው የሚሸፈንላቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ አገር ቤት ያለች እናት አትገባም። የሚቻለው የላኩበትን ደረሰኝ አያይዞ ለኮሌጁ ቢሮ ልዩ ሁኔታ አለኝ ብሎ ማመልከት ነው፤ ውሳኔው የቢሮው ነው፤ ከሥራ መፈናቀልና ከከባድ የሕክምና ወጪ ያነሰ ሚዛን ሊሰጠው እንደሚችልም ተነግሯቸዋል።

ከዚያ የአንድ ወጣት ታሪክ መጣ። በዲቪ በ2024 ከእናትና ከአባቱ ጋር የገባ ልጅ፣ የ2025–26 ፋፍሳ የ2023 ገቢ ስለሚጠይቅ፣ ያን ጊዜ አሜሪካ ላልነበሩ ሰዎች ምን ይሞላል አለ። መልሱ ቀላል ነበር፤ በኢትዮጵያ የተገኘው ገቢ ወደ ዶላር ተቀይሮ በእጅ ይገባል። ከእርሱ የባሰው አክስቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ ጉዳይ ነው። ዐሥራ ሦስተኛው መላሽ የአክስቷን ገቢ እንድትሞላ መከራት፤ ቀጣዩ ግን ወዲያው አስተካከለው። አክስት ወይም አጎት በሕግ በጉዲፈቻ ካላሳደጉ በስተቀር ለፋፍሳ ወላጅ አይደሉም፤ የአክስቷ ደመወዝ ከገባ ልጅቷ ያለ ጥፋቷ ፔል ግራንቷን ልታጣ ትችላለች። 24 ዓመት ያልሞላት፣ ያላገባች፣ ልጅ የሌላት ከሆነች በአብዛኛው የሚፈለገው አገር ቤት ያሉት የወላጆቿ መረጃ ነው። ወላጆቿ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም አካውንት መክፈትና መፈረም ይችላሉ። ልታገኛቸው የማትችልበት ከባድ ምክንያት ካለ ደግሞ በቅጹ ላይ ይህንኑ አመልክታ ለጊዜው እንደ ራሷን ቻይ ተቆጥራ ታመለክታለች፤ ከዚያ ኮሌጁ ማስረጃዋን አይቶ ይወስናል። በጦርነት ምክንያት ስልክ ተቋርጦ ለወራት የኖረ ሰው ባለበት ማኅበረሰብ ይህ መስመር መታወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለ መኖሪያ ፈቃድ የተጻፉት ጥቂት መልሶች አጫጭር ነበሩ። ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ በስደተኛነት የገባና ግሪን ካርድ ያለው ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው፤ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅና ቲፒኤስ የተባለው ጊዜያዊ ጥበቃ ብቻ ያለው አይደለም፤ ለእነዚህ ያለው በር የየስቴቱ ሕግ ነው። አንዲት ሴት ታክስ የሚሠራላቸው ሰው ፋፍሳ ለመሙላት 200 ዶላር እንዳስከፈላቸው ሲጽፉ፣ ቅጹ ነፃ እንደሆነ የሚናገሩ መልሶች በአንድ ጊዜ ጎረፉ፤ ሴትዮዋን ግን ከዚህ በኋላ አላየናቸውም።

አባትየው የተመለሱት ክሩ ሃያ መልስ ከተሻገረ በኋላ ነው። ሁሉንም አመስግነው፣ 4,000 ዶላሩን ለመሸፈን ዩኒቨርሲቲው ፓረንት ፕላስ የተባለውን የወላጅ ብድር እንደጠቆማቸው ተናገሩ። ሦስተኛው መላሽ፣ ያ የተቆጡት አባት፣ እባክዎ አይንኩት ብለው ለመኑ፤ የእርሳቸው የንዴት ምንጭ ይኸው ብድር መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። የ2025–26 ወለዱ 8.94 በመቶ ነበር፣ ገና ሲሰጥ 4.228 በመቶ ክፍያ ይቆረጥበት ነበር፣ ባለዕዳውም ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው። የልጅቷ የራሷ ብድር ወለድ በዚያው ዓመት 6.39 በመቶ ሲሆን፣ ከ5,500ው ውስጥ 3,500 በሚሆነው ላይ በትምህርት እስካለች ወለዱን መንግሥት ይችላል። ስለ ቁጥር የሚጠነቀቅ አንድ መላሽ የተማሪ ብድርም 1.057 በመቶ ስለሚቆረጥበት እውነተኛው ቢል 4,029 ዶላር ገደማ ይሆናል ብሎ አረመ፤ ያው ሰው የዚያ ዓመት ከፍተኛው ፔል ግራንት 7,395 ዶላር ስለነበረ፣ 5,000 የተሰጣት ልጅ መለኪያ ቁጥሯ 2,395 አካባቢ መሆን አለበት ሲል አሰላ። ሌላው ደግሞ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ወላጆች በዓመት 20,000፣ በአንድ ልጅ በድምሩ 65,000 ዶላር ጣሪያ እንደሚጣል አስታወሰ። ሁለት ዓመት ከቤት እየተመላለሰች በአቅራቢያቸው ባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ተምራ ወደ ዩኒቨርሲቲው ብትሸጋገር የእነዚያ ዓመታት የዶርም ወጪ ይቀራል ያሉም ነበሩ፤ አባትየው ልጅቷ እንደማትስማማ በአጭሩ መልሰው አለፉት።

በዚሁ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ባለቤታቸው ከሜይ ወር ጀምሮ ከሥራ እንደተቀነሱ ጠቀሱ። የቢሮዋ ሠራተኛ ይህን ሲያዩ ተበሳጩም አዘኑም፤ ከመጀመሪያው መስመር መጻፍ የነበረበት ይህ ነው ሲሉ በአክብሮት ገሠጿቸው። እርዳታው የተሰላው ሚስታቸው ሙሉ ደመወዝ በሚያገኙበት በ2023 ገቢ ነው። የኮሌጁ ቢሮ የሥራ መቋረጥን አይቶ የገቢውን ቁጥር የመለወጥ ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል፤ ቁጥሩ ከወረደ ፔል ግራንቱ ይጨምራል፣ ከብድሩም ወለዱን መንግሥት የሚችለው ድርሻ እንዳለ ይቆያል። ስለ 1,500 ዶላር ሃያ ሰው ሲከራከር፣ ሊገኝ የሚችለው ስጦታ በአንድ ቤተሰብ ዝምታ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ይህ ዝምታ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ሥራ ማጣትን ለቢሮ መንገር ገመናን እንደ ማውጣት የሚቆጥር ወላጅ ብዙ ነው፤ ቢሮው ግን ያልተነገረውን ሊያይ አይችልም።

ከሳምንት በኋላ የመጨረሻ ወሬያቸውን አስፍረዋል። የሥራ ማቋረጫ ደብዳቤውንና የሥራ አጥ ክፍያውን ወረቀት አያይዘው አመልክተዋል፤ ቢሮውም የዓመቱን የደመወዝ ደረሰኞች ጠይቋል። ሙሉውን የተማሪ ብድር ለጊዜው ተቀብለዋል፤ ከተከፈለ በ120 ቀን ውስጥ የተመለሰ ገንዘብ ወለድም ክፍያም እንደማይኖርበት የሦስተኛ ዓመቷ ተማሪ ነግራቸው ነበር። የወላጅ ብድሩን ትተው ቀሪውን በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ተመዝግበዋል። ልጅቷ በቤተ መጻሕፍቱ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች።

የቢሮዋ ሠራተኛ አንድ ነገር ጨምረው ክሩ ቆመ። የ2026–27 ፋፍሳ ሲከፈት የሚጠይቀው የ2024ን ገቢ ነው፤ በዚያም ዓመት ሚስታቸው ሙሉውን ሠርተዋል። ስለዚህ የዘንድሮው ማመልከቻ ቢፈቀድም እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት ስለማይሻገር፣ ያንኑ ወረቀት እንደገና ማቅረብ ይኖርባቸዋል፤ ቅጂውን ሁሉ በአንድ ፋይል እንዲያስቀምጡ።